የሰፈር ልጆች ማኅበርና የሳቃቸው ዋስ
«አወር ጋንግ» በተባሉት ፊልሞች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ሐተታ

፩

የአሜሪካን የሲኒማ ታሪክ የጻፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያወሱት አንድ ወሬ አለ። የፊልም አሠሪው ሃል ሮች በ1921 አንዲት ሕፃን ለተዋናይነት ስትፈተን ይመለከታል። ልጅቱ እንደ ትልቅ ሴት ተኳኩላ ያስጠኗትን ቃል ሳታዛንፍ ትወጣዋለች። ሮች ሰልችቶት ወደ መስኮቱ ዞር ቢል፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የጣውላ መሸጫ ቁርጥራጭ እንጨት ያነሡ ልጆች ሲጨቃጨቁ ያያል። የጠቡ መነሻ፣ ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ከሁሉም የሚበልጠውን እንጨት መያዙ ነበር። ሮች ሩብ ሰዓት ያህል ዐይኑን ሳይነቅል ካያቸው በኋላ፣ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው የሚገባው ይህን ነው ሲል ወሰነ ይባላል። ወሬውን ሲያወራ የኖረው ራሱ ሮች ስለሆነ፣ እንደ ማንኛውም የምሥረታ ታሪክ ጥቂት ሳይኳል የቀረ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከዚያ መስኮት የታየው ነገር «አወር ጋንግ»፣ በእኛ አነጋገር «የእኛ ሰፈር ልጆች» ልንለው የምንችለው ተከታታይ ፊልም ሆኖ፣ ከ1922 እስከ 1944 በ220 አጫጭር ፊልሞችና በአንድ ረጅም ፊልም ተሠራጭቷል። ከ1955 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲታይ ደግሞ «ዘ ሊትል ራስካልስ» ተባለ፤ «ትንንሾቹ ዋልጌዎች» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሮች ስቱዲዮ የነበረው በከልቨር ሲቲ፣ በዋሽንግተን ቡሌቫርድ ላይ ነው። በ1963 ፈርሶ ዛሬ በስፍራው የሚያስታውሰው የመታሰቢያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ከዚያ እስከ «ትንሿ ኢትዮጵያ»፣ ማለትም የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 ይህን ስም በይፋ እስከ ሰጠው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ድረስ፣ በመኪና የጥቂት ደቂቃዎች መንገድ ነው። በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲኬድ በ1942 የተከፈተው የድምፅ አልባ ፊልሞች ቲያትር ለዐሥርት ዓመታት የድሮ ቧልቶችን ሲያሳይ ኖሯል። ወደ ምዕራብ፣ ከሳንታ ሞኒካ ጋር በሚዋሰነው በቬኒስ፣ በ1914 መጀመሪያ ልጆች በትንንሽ መኪናዎች የተሽቀዳደሙበትን እውነተኛ ውድድር አስታክኮ የተቀረጸ አንድ አጭር ፊልም፣ ቻርሊ ቻፕሊንን በዚያ ዓለም ባወቀው ባርኔጣና ከዘራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አቅርቧል። እንግዲህ ብዙዎቻችን በስደት የሠፈርንበት ምድር፣ የልጅነት ቧልት በፊልም የተወለደበትና ያደገበት ምድር ነው።

ከታላላቅ አገራዊ ጉዳዮች ጋር ሲነጻጸር ርእሰ ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ፊልሞች የሚያነሡት ጉዳይ፣ ማለትም ሰዎች ለምንና እንዴት እንደሚደራጁ፣ ማንን አስገብተው ማንን እንደሚያስቀሩ፣ ለጥፋትም ምን ያህል ቅጣት እንደሚገባ፣ የእኛን ትውልድ እንቅልፍ የነሣው ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የሰፈር ልጆች ማኅበር የሚያስቀው ተንኮሉ ስለሚራቀቅ አይደለም። የሚያስቀው ተመልካቹ አንድ ነገር አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው፤ ይኸውም ማንም ልጅ የማኅበር አባል በመሆኑ እንደማይሞት ነው። ይህን ቅድመ ዕውቀት «የሳቅ ዋስ» ብንለው፣ ዋሱ የቆመው ለማን እንደሆነና ለማን እንዳልቆመ መጠየቅ የሂስ ተግባር ይሆናል።

፪

በመጀመሪያ የፊልሞቹን አሠራር እንመልከት። በ1937 በተሠራው «ሜይል ኤንድ ፊሜል» የተባለ ፊልም፣ ልጃገረዶች ለግብዣ ሳይጠሯቸው የቀሩ ወንዶች ልጆች ተቆጥተው ሴት-ጠል የሆነ የጀግኖች ማኅበር ያቋቁማሉ። ስፓንኪ የተባለው ወፍራም ልጅ (ተዋናዩ ጆርጅ ማክፋርላንድ ነው) ስብሰባውን ይመራል፤ ሕግ ይነበባል፤ ሹመት ይሰጣል። ለሊቀ መንበርነት የተመረጠው ግን አልፋልፋ ነው፤ በዚያችው ሰዓት ዳርላ ለምትባለው ልጅ የፍቅር ደብዳቤ ልኮ የተቀመጠው አልፋልፋ። ቧልቱ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ተቃርኖ ነው። ሊቀ መንበሩ የማኅበሩን ሕግ በማስከበር ፈንታ፣ ማስረጃው በአባላቱ እጅ ሳይገባ ደብዳቤውን ለማስመለስ ይራወጣል።

ልብ ብሎ ላየው፣ ልጆቹ የሚቀልዱት በራሳቸው አይደለም። የዚያን ዘመን አሜሪካ የምስጢር ማኅበራት አገር ነበረች፤ የፍሪሜሶኖቹን የመሳሰሉ ማኅበራት መሐላቸውን፣ የይለፍ ቃላቸውንና የማዕርግ ልብሳቸውን ይዘው በየከተማው ነበሩ። ልጆቹ የሚቀዱት አባቶቻቸውን ነው። መሐላውን በሕፃን አፍ ስንሰማው፣ በትልቅ ሰው አፍም ከዚህ የተሻለ ትርጉም እንዳልነበረው ይገለጥልናል። በ1923 የተሠራው «ሎጅ ናይት» ይህን ስልት እስከ ጥግ ይወስደዋል። ልጆቹ የኩ ክሉክስ ክላንን ሥርዓት የሚያስቅ ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ከአባላቱ መካከል ግን ጥቁር ልጆች ይገኛሉ። እውነተኛው ክላን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት በነበሩት በዚያ ዐሥርት ዓመት፣ ይህ ቀልድ ንጹሕ ቀልድ ብቻ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ልጆቹ የክላንን ልብስ ወስደው የክላንን ሐሳብ ጥለውታል። የመገለል ሥርዓት ዋና ቁም ነገሩን ሲያጣ የሚቀረው ባዶ ልብስ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ድርሰት አያስፈልግም።

ቅጣቱስ ምን ያህል ነው? በ1936 የተሠራውና የዓመቱን የአካዳሚ ሽልማት በአጭር ፊልም ዘርፍ ያገኘው «ቦርድ ኦቭ ኤጁኬሽን» መልሱን ይሰጠናል። ስፓንኪና አልፋልፋ ከትምህርት ለመቅረት የጥርስ ሕመም ያስመስላሉ። መምህርቷ ተንኮላቸውን አስቀድማ ስለምታውቅ ያለ ክርክር ታሰናብታቸዋለች። እነርሱ ወጥተው ሳለ ለቀሩት ልጆች የተዘጋጀው አይስክሬም ይመጣል። የቅጣቱ ልክ ይህ ነው፤ አይስክሬም ማጣት። ሥልጣን በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ብልህ ነው፣ ይታዘባል፣ አንዳንዴም ይስቃል፤ አይበቀልም። ዋሱ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሥልጣን ይህን ዋስትና ሲነፍግ ምን እንደሚሆን ከፈረንሳይ አንድ ምሳሌ መጨመር ይቻላል። ዣን ቪጎ በ1933 የሠራው «ዜሮ ደ ኮንዲዊት» በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች ሲያሤሩ፣ ትራስ ቀደው ላባ ሲበትኑ፣ በመጨረሻም ጣሪያ ላይ ወጥተው በተጋበዙት እንግዶች ላይ ሲያምፁ የሚያሳይ ነው። የፈረንሳይ ሳንሱር ፊልሙን ከለከለው፤ ለሕዝብ የተፈቀደውም ከጦርነቱ ፍጻሜ በኋላ ነው። ቪጎ አባቱ በእስር ቤት የሞተበት ሰው ነበር፤ የልጆች ማኅበር ከምር ሊወሰድ እንደሚችል አሳምሮ ያውቃል። ሳንሱሩም ያወቀ ይመስላል። የአሜሪካው አስተማሪ በአይስክሬም የሚመልሰውን ነገር፣ የፈረንሳዩ ሹም በመቀስ መለሰው።

፫

ወደ አሜሪካው ፊልም እንመለስና፣ ዋሱ ለሁሉም ልጆች እኩል ቆሞ ነበርን? ብለን እንጠይቅ። ከመጀመሪያዎቹ የማኅበሩ አባላት አንዱ፣ «ሰንሻይን ሳሚ» በሚል ስም የታወቀው ኧርኒ ሞሪሰን፣ በሆሊውድ የረጅም ጊዜ ውል ከፈረሙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተዋንያን መካከል ነው። ከእርሱ በኋላ አለን ሆስኪንስ («ፋሪና»)፣ ማቲው ቢርድ («ስታይሚ»)ና ቢሊ ቶማስ («በክዊት») ተከታትለው መጡ። በ1930 በተሠራው «ቲቸርስ ፔት» ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል ሲማሩ እናያለን። በደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል ሕጉ ይህን ይከለክል ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረውም በ1954፣ የመጨረሻው «አወር ጋንግ» ከተሠራ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። የሰፈር ልጆች ማኅበር ከአገሩ ሕግ ይልቅ ቀድሞ ሄዶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ግን ግማሹ እውነት ነው። ያው ፊልም ጥቁሩን ልጅ አባል ሲያደርገው በአባልነቱ ላይ ግብር ይጥልበታል። መናፍስት ፈርቶ ፀጉሩ የሚቆመው፣ ሐብሐብ ሲያይ ዐይኑ የሚፈጠው፣ ቋንቋው የሚሰባበረው እርሱ ነው። ሌሎቹ የሚያስቁት በሚያደርጉት ሲሆን እርሱ ደግሞ በሆነው እንዲያስቅ ይፈለጋል። ብቸኛው ረጅም ፊልም፣ በ1936 የወጣው «ጄነራል ስፓንኪ»፣ ታሪኩን ወደ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ወስዶ፣ በክዊትን ጌታ ፍለጋ የሚንከራተት ትንሽ ባሪያ አድርጎ ያቀርበዋል። ነፃነት ያገኘ ልጅ በነፃነቱ ደንግጦ ጌታ ሲፈልግ! ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዓመተ ምሕረቱን ሳያስተውል ሊያልፍ አይችልም። በ1936 አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር እጅ ወድቃለች፤ በሃርለምና በሌሎችም ከተሞች ጥቁር አሜሪካውያን ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት አደባባይ ከወጡ ገና አንድ ዓመት ነው። በዚያው ጊዜ የሆሊውድ ቧልት የነፃነትን ጥያቄ በሕፃን አፍ እንዲህ አድርጎ ይመልሰዋል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቴሌቪዥን አከፋፋዮች እነዚህን ክፍሎች ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ሥራው አስፈላጊ መሆኑን ሳንክድ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ስድቡ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ልጁም አብሮ ይቆረጣል። ሆስኪንስ ወይም ቢርድ በድንቅ የቧልት ስሜት፣ በዐይን ጥቅሻና በእርምጃ ብቻ፣ ከተጻፈላቸው ቃል በላይ የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ፊልሞቹን ለልጆቻችን ስናሳይ ከመቁረጥ ይልቅ አብሮ ተቀምጦ መናገር፣ የቱ የልጁ ችሎታ የቱ የጸሐፊው ንቀት እንደሆነ መለየት ይሻላል።

፬

የዚህ ጥያቄ መልስ የተሠራው ከዚያው ስቱዲዮ ብዙም ሳይርቅ፣ በሳንታ ሞኒካና በፌርፋክስ መካከል በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ነው። በ1970ዎቹ እዚያ ፊልም ያጠኑ ጥቁር ተማሪዎች የሆሊውድን ሥርዓት የሚቃወም እንቅስቃሴ መሠረቱ። ከመካከላቸው አንዱ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው።

ኃይሌ ስለ ልጅነቱ ሲናገር፣ በጎንደር የአሜሪካ ፊልም አይተው ሲወጡ እርሱና ጓደኞቹ ያዩትን በየተራራው ይጫወቱት እንደነበር፣ ሁሉም ከላሙ ጠባቂ ጎን እንጂ ከሕንዱ ጎን ለመሆን የሚፈልግ እንዳልነበረ፣ ታርዛንን ሲያዩም አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት ጀግናውን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር ገልጿል። እዚህ ላይ የሰፈር ልጆች ማኅበር አንድ አዲስ ገጽታ እናያለን። የጎንደር ልጆች ማኅበራቸው የራሳቸው ነበር፤ ጨዋታቸው ግን ተውሶ ነበር፤ የተዋሱትም ራሳቸውን የሚወጋ ጦር ነበር።

የኃይሌ የትምህርት ቤት ባልንጀራ ቻርልስ በርኔት በ1977 ያጠናቀቀው «ኪለር ኦቭ ሺፕ» በዋትስ ሰፈር ልጆች ላይ ካሜራውን ሲያሳርፍ፣ «አወር ጋንግ»ን በእጁ ይዞ ሌላ መስተዋት ውስጥ የሚያየው ይመስላል። ልጆቹ ድንጋይ ይወራወራሉ፤ ጣውላ ጋሻ አድርገው ይዋጋሉ፤ በባቡር ሐዲድ ዳር ይሮጣሉ፤ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይዘላሉ። ድርጊቱ የሮች ልጆች ድርጊት ነው፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ምክንያቱም በርኔት ልጁ ሲዘል ከታች መረብ መኖሩን አይነግረንም። ያው በርኔት የካሜራ ባለሙያ ሆኖ በሠራበት በኃይሌ «ቡሽ ማማ» ደግሞ ሥልጣን እንደ መምህርቷ የሚታዘብና የሚያልፍ ሳይሆን በር ሰብሮ የሚገባ ነው።

ኃይሌ በ2008 ባወጣው «ጤዛ» ጉዳዩን ወደ ጣና ዳርቻ ይመልሰዋል። በፊልሙ ውስጥ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የተደበቁ የመንደር ልጆች አሉ። በዘመኑ የመንደሩ ልጆች ከአንዱም ከሌላውም ታጣቂ ይሸሻሉ። አሜሪካዊው ልጅ ከትልልቆች ዐይን ርቆ ከጣውላ የሚሠራው የማኅበር ቤትና ይህ ዋሻ በመልክ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መደበቂያ ናቸው፤ በሁለቱም ልጆች ይንሾካሾካሉ። ልዩነቱ የዋሱ መኖርና አለመኖር ነው።

፭

እስካሁን ያየነው የሌሎችን ማኅበር ነው። የእኛስ? ኢትዮጵያዊ ልጅነት ማኅበር አጥቶ አያውቅም። የቆሎ ተማሪውን እናስታውስ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከውሻ እየተዋጋ ዕለት ጉርሱን የሚለምነው ልጅ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር በጎጆ ተቧድኖ ይኖራል፤ የለመኑትን በአንድ ላይ ይቀማምሳሉ። በየገዳሙና በየደብሩ የሚነገረው የተማሪ ተንኮል ተቀድቶ አያልቅም። ነገር ግን የተጻፈው የቧልት ቅርሳችን ተንኮልን ከልጅ ይልቅ ለሊቅ የሰጠ ይመስላል። በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገረው ሁሉ የአንድ አዋቂ፣ ያውም የአንድ መምህር ተንኮል ነው። የልጁ ተንኮል ግን ባለቤት ሳይሰየምለት፣ በቃል ብቻ ቀርቷል።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚታወቀው ማኅበር የቡሄው ነው። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ልጆች ይቧደናሉ። ድምፁ የሚያምረው አውራጅ ይሆናል፤ የቀሩት ዱላቸውን መሬት እየወቁ ይቀበላሉ፤ የሚታመነው ገንዘብ ያዥ ይሆናል። በየበሩ «ሆያ ሆዬ» ይባላል፤ የሰጠ ይመረቃል፤ የነፈገ በስንኝ ይሸነቆጣል። በመጨረሻም ሙልሙሉና ሳንቲሙ ይከፋፈላል፤ በክፍፍሉ ላይም ጠብ አይጠፋም። ማኅበሩ በዚያው ይፈርስና በዓመቱ እንደ ገና ይቆማል።

ይህ ማኅበር ከአሜሪካው በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። የስፓንኪ ማኅበር በር አለው፤ በሩ ላይ ማን እንደማይገባ ተጽፏል። የሆያ ሆዬ ማኅበር በር የለውም፤ የሚያንኳኳው የሌላውን በር ነው። ያኛው ከትልልቆች ይሸሻል፤ ይኸኛው ትልልቆችን ይፈትናል፤ በአንድ ምሽት የሰፈሩን ለጋስና ንፉግ ለይቶ ያውቃል። ሴት ልጆችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ለዕንቁጣጣሽ «አበባየሁ» እያሉ ይዞራሉ። ስለዚህ የወንዶቹ ማኅበር ሴት-ጠል መሆን አላስፈለገውም። በዚህ አገር በጥቅምት ማብቂያ ለሃሎዊን የሚዞሩ ልጆችን ስናይ ተመሳሳይነቱ ያስደስተን ይሆናል። ነገር ግን እዚህ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ከረጢት ይይዛል። የእኛዎቹ የሚይዙት አንድ የጋራ ከረጢት ነው፤ ለዚህም ነው ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብና ክርክር የሚያስፈልጋቸው። ማለትም ፖለቲካ የሚማሩት።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን ለምን «የእኛ ሰፈር ልጆች» የሚል ፊልም አልሠራንም? «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የተሠሩት ፊልሞቻችን ስለ ፍቅር፣ ስለ በደልና ስለ አገር ብዙ ብለዋል። ልጅን ማዕከል ያደረገ ፊልም ሲመጣ፣ እንደ ያሬድ ዘለቀ የ2015 ፊልም፣ ልጁ ብቻውን ነው፤ ጓደኛው በጉ ናት። በቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ተርከዋል፤ ውለታቸው አይረሳም። ሆኖም የዝግጅቱ ባሕርይ ልጅን ተቀምጦ የሚሰማ፣ የሚመከር አድርጎ ያቀረበ ነው። ልጁ ራሱ የድርጊት ባለቤት ሆኖ፣ አጥፍቶ፣ ተከራክሮ፣ ማኅበር አቋቁሞና አፍርሶ የሚታይበት መድረክ አልነበረም። የዘነበ ወላ «ልጅነት» በዚህ ረገድ ጽሑፋችን ከፊልማችን ቀድሞ መራመዱን ያሳያል።

የገንዘብና የባለሙያ እጥረት ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ እምነት ሌላ ጥልቅ ምክንያት አለ። የልጆች ማኅበር ቧልት የሚሠራባቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ እንቁጠር፤ መሐላ፣ የይለፍ ቃል፣ የምስጢር ስብሰባ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ደብዳቤ። እነዚህ ዕቃዎች በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበሩ የአንድ ትውልድ ልጆች በኪሳቸው የያዟቸው ናቸው። የሰፈር የኳስ ቡድን የጥናት ክበብ ሆነ፤ የጥናት ክበቡ ሕዋስ ሆነ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ከተጨፈጨፉት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። አልፋልፋን ያስጨነቀው ደብዳቤ በእነርሱ ኪስ ቢገኝ የሞት ማስረጃ ነበር። ከዚያ በኋላ የምስጢር ማኅበር ያቋቋመ ልጅ ለዚያ ትውልድ ተመልካች እንዴት ሊያስቀው ይችላል? ዕቃዎቹ ከቧልት ቤት ተወስደው በደም ተነክረዋል። የጎደለን የቀልድ ችሎታ አይደለም፤ ዋሱ በመገደሉ ነው።

ይህን ስንል ራሳችንን ከደሙ ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር 19ኛ ጉባኤውን በ1971 ያደረገው በዚሁ በሎስ አንጀለስ ነበር፤ በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይም ተከፋፍሎ ወጣ። የዚያን ዘመን የውሳኔ ሐሳቦች ዛሬ ሲያነብ ፈገግ የማይል ጥቂት ነው፤ ሕጉ፣ ሹመቱ፣ ማውገዙ፣ ማባረሩ፣ ሴቶቹን ወደ ጓዳ ማስቀረቱ ሁሉ የስፓንኪን ማኅበር ያስታውሳል። ፈገግታው ግን አይዘልቅም፤ ምክንያቱም ከዚያ አዳራሽ የወጡት ቃላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገር ቤት ጥይት ሆነዋል። «ሎጅ ናይት» የክላንን ልብስ ወስዶ ጥላቻውን ጣለው። እኛ የገጠመን ተቃራኒው ነው፤ የልጅ ማኅበር ልብስ ለብሰን የትልቅ ሰው ጥላቻ ተሸከምን።

፮

ጉዳዩ የትናንት ብቻ ቢሆን በትዝታነቱ በዘጋነው። ነገር ግን በሳንታ ሞኒካም ሆነ በፌርፋክስ ዙሪያ የሚያድገው ልጃችን በዚህ አገር ዐይን ጥቁር ልጅ ነው። የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ ኅዳር 22 ቀን 2014 በክሊቭላንድ ከተማ መናፈሻ ውስጥ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት፣ የደረሱት ፖሊሶች ከመኪናቸው በወረዱ በሰኮንዶች ውስጥ ተኩሰው ገደሉት። ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ምዕተ ዓመት ሙሉ የመጫወቻ ሽጉጥ የያዘ ልጅ የአሜሪካ ቧልት ዋነኛ ምስል ነበር። በ1923 በፊልም ለጥቁሩ ልጅ ግማሽ ዋስ ቆሞለት ከነበረ፣ በ2014 በመንገድ ላይ ያ ግማሹም አልተገኘም።

ስለሆነም ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከመንገድ፣ ከጓደኛ፣ ከጨዋታ ያርቃሉ። ፍርሃታቸው ከሁለት አገር የመጣ ነው፤ አንዱን ከአዲስ አበባ ይዘውት መጡ፣ ሁለተኛውን እዚህ ጨመሩበት። ፍርሃቱን መንቀፍ አይገባም። ሆኖም ዋጋው መታወቅ አለበት። ከእኩዮቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ፣ ሹሞ ሽሮ፣ ተጣልቶ ታርቆ፣ የጋራ ከረጢት ተካፍሎ ያላደገ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ጎልምሶ፣ ስህተቱ የብዙ ሰው ሕይወት በሚያስከፍልበት ዕድሜ ነው። የፖለቲካ ማኅበሮቻችን ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል።

በ1994 ፔኔሎፒ ስፊሪስ የድሮውን ፊልም እንደ ገና ስትሠራው፣ በታሪኩ ውስጥ የማኅበሩ ቤት በእሳት ይጋያል። ልጆቹ ተጣልተው፣ ተበታትነው፣ በመጨረሻ ይታረቃሉ፤ የዳርላም ጾታ የበር ላይ ሕግ መሆኑ ይቀራል። ፊልሙ ከጥንቶቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አንድ ነገር ግን በትክክል ይዟል። ቤቱ የተቃጠለበት ማኅበር ከቤቱ በፊት ሕጉን መመርመር አለበት።

ለእኛ የሚተርፈን ሥራ ከዚህ ይነሣል። የፊልም ሰዎቻችን ከሆያ ሆዬው ከረጢት፣ ከቆሎ ተማሪው ጎጆ፣ ከጨርቅ ኳሱ ሜዳ የሚጀምር ቧልት ይሥሩ። የታሪክ ሰዎቻችንም በቀይ ሽብር ስለ ወደቁት ወጣቶች ሲጽፉ የድርጅት ስማቸውን ብቻ ሳይሆን የሰፈር ቅጽል ስማቸውን፣ የተንኮላቸውን ዐይነት፣ በቡሄ ማን አውራጅ ማን ገንዘብ ያዥ እንደነበረ ጭምር ይመዝግቡ። በሰማዕትነት ብቻ የሚታወስ ልጅ ልጅነቱ ሁለተኛ ጊዜ ይወሰድበታል። ዋሱ ያልቆመላቸውን ልጆች ሳቅ መመለስ ባንችልም፣ ስቀው እንደነበር መመስከር እንችላለን። ለሚመጡት ደግሞ ዋስ ሆነን መቆም የእኛው ፈንታ ነው።